ሰብልን ለመመርመር የሚውለው ኬሚካል በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዴት ይለካል?

በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን የሚመረተው ማሾ ወደ ውጭ ገበያ ከሚላኩ ሰብሎች አንዱ ነው። ተቀባይ አገሮች በምርቱ ላይ የቀረውን ፀረ ተባይ አጥብቀው ይቆጣጠራሉ። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ገደብ ላላወጣለት ፀረ ተባይ የሚፈቅደው በኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ይህም በ1 ሺህ ኩንታል ውስጥ 1 ግራም እንደማለት ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ከእህሉ ለይቶ ለማውጣት ታዲያ ቤተ ሙከራው ራሱ አደገኛ ኬሚካል ይጠቀማል።

በምርመራው የተፈጨው ናሙና በማሟሚያ ፈሳሽ ይታሻል። ፀረ ተባዩን ይዞ የወጣው ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ በተባለው ዘዴ በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ወንፊት እህልን የሚለየው በመጠኑ ነው፤ ቱቦው ግን የሚለየው እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በውስጡ ካለው ሙሌት ጋር በሚጣበቅበት ልክ ነው። በብዛት የሚያገለግለው ማሟሚያ አሴቶናይትራይል ሲሆን፣ ተቀጣጣይና ለጤና ጎጂ ነው። በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የሚያሳልፍ መሣሪያ ሳያቋርጥ ከሠራ በቀን 1.4 ሊትር ገደማ ፍሳሽ ይወጣዋል።

ጉዳቱን ለመለካት ከተዘጋጁት መንገዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ለምርመራ ሥራ የቀረበው ኢኮ ስኬል ነው። ስሌቱ ከ100 ይነሣና በኬሚካሉ መጠንና አደገኝነት፣ በኤሌክትሪክ ፍጆታው እንዲሁም በፍሳሹ ምክንያት ነጥብ ይቀንሳል። ከ75 በላይ ያገኘ እጅግ ጥሩ፣ ከ50 በታች የሆነ ደግሞ በቂ ያልሆነ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው አግሪ በበኩሉ 12 መርሖችን መዝኖ ከ0 እስከ 1 ውጤት ይሰጣል።

ለአብነት አንድ ምርመራ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ አሴቶናይትራይል ቢፈጅ በኬሚካሉ 8፣ በመሣሪያው ኤሌክትሪክ 1፣ በፍሳሹ ብዛት 5 ነጥብ ይቀነስበታል። ፍሳሹ ሳይታከም ቢጣል ደግሞ 3 ይጨመራል። ሌሎች ግብዓቶች ሳይቆጠሩ ውጤቱ 83 ይሆናል። ፍሳሹን እንዲሁ የደፋ ቤተ ሙከራ ዘዴው "እጅግ ጥሩ" ተባለለት ማለት ነው!

የመለኪያው ድክመት እዚህ ላይ ነው። አሴቶናይትራይል ከውኃ ጋር ሙሉ በሙሉ ስለሚዋሐድ አንዴ ከተደፋ ተመልሶ አይለይም። የደሴንና የኮምቦልቻን ፍሳሽ ተቀብሎ ወደ ጨፋ የሚወርደው ቦርከና ከብት የሚጠጣው፣ መስኖም የሚጠለፍበት ወንዝ ነው። እንዲህ ባለ ተፋሰስ የ3 ነጥብ ቅጣት እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ የፍሳሹ መድረሻ ከነጥቡ ተለይቶ ሊጠየቅ ይገባል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም በዚህ ዓይነቱ ቆሻሻ ላይ የወጣ ሕግ ነው።

ፍጆታውን ከምንጩ መቀነስም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኬቸርስ የተሰኘ ዘዴ ለ10 ግራም ናሙና 10 ሚሊ ሊትር ማሟሚያ ይበቃዋል፤ የቀደሙት ዘዴዎች ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ ይፈጁ ነበር። የክሮማቶግራፊው ቱቦ ውስጣዊ ስፋት ከ4.6 ወደ 2.1 ሚሊ ሜትር ሲጠብም የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ አምስተኛ እጅ ይወርዳል። ኢታኖል በአሴቶናይትራይል ቦታ የሚተካበት ምርመራም አለ። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል ያመርታሉ፤ ለምርመራ የሚውለው ግን ከነዳጅ ጋር ከሚቀላቀለው ይልቅ እጅግ የተጣራ መሆን አለበት።