ጉምባ (የሱፐር ማሪዮ ጠላት)

ጉምባ የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ በሚያወጣቸው የሱፐር ማሪዮ ጌሞች ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣ ተራ ጠላት ነው፤ በአገሩ ኩሪቦ ይባላል። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ነው። ቡናማ፣ ጭንቅላተ ሰፊ፣ እጅ የሌለው፣ ግንባሩን የቋጠረ ፍጡር ነው፤ ክረምት ላይ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ የሚበቅለው የጅብ ጥላ እግር ቢያወጣ እሱን ይመስላል።

የተፈጠረው ጌሙ ሊያልቅ ሲል ነው። የጌሙ ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ ኤሊ መሰሉ ጠላት ኩፓ ለጀማሪ ስለከበደ ቀለል ያለ ጠላት ፈለጉ፤ ጌሙ የሚጫንበት ካርትሪጅ ግን ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። ስለዚህ አንዲት ሥዕል ብቻ ሳሉለት፤ ማሽኑ እሷኑ ግራና ቀኝ እየገለበጠ የሚራመድ ያስመስላታል። እጥረት ከወለዳቸው ብልሃቶች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ ተጫዋቹን ቀድሞ የሚገጥመው ጉምባ ነው። ዝም ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ገደል ቢያገኝ እንኳ አይመለስም፣ ይወድቃል። የነካው ትንሹ ማሪዮ (ተጫዋቹ የሚመራው ጀግና ገና ሳያድግ) ይሞታል፤ ከላይ የዘለለበት ግን ጨፍልቆት 100 ነጥብ ያገኛል። የጌሙ ዋና ሕግ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በ1988 ክንፍ ያለው ዝርያ መጣ። በ1990 በወጣው ሱፐር ማሪዮ ወርልድ ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ሲረገጥ ይገለበጣል እንጂ አይሞትም፤ አንስቶ መወርወር ይቻላል። በ2017ቱ ሱፐር ማሪዮ ኦዲሲ ማሪዮ ራሱ ጉምባ ይሆናል፤ በዚያ መልኩ በረዶ ላይ አይንሸራተትም።