«የቱ ሽጉጥ ይሻላል?» ከአል-ማንሺያ ጀምሮ ስለሚከተለን ጥያቄ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ አንተ ካርቱም ብዙ ዓመት ኖረሃል። ማካሮቭ ይሻላል ወይስ ዘጠኝ ሚሊ? ለራሴ መጠበቂያ ነው» ይላል። ያለበትን ቦታ አልናገርም። ጥያቄው ግን የእሱ ብቻ ስላልሆነ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፍ አልኩ።

እኔም አንድ ጊዜ ይህንኑ ጠይቄአለሁ። አል-ማንሺያ ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ሆኜ በምሠራበት ዘመን ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በጥቁር ዓባይ ዳር፣ ትልልቅ ግቢ ያለበት፣ የሀብታምና የባለሥልጣን መንደር። ጎረቤቱ ጂሬፍ ደግሞ ብዙዎቻችን በአንድ ክፍል አምስት ስድስት ሆነን የምናድርበት። የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ መኮንን ነበሩ፤ «አሙ» እላቸው ነበር። አንድ ምሽት በረንዳ ላይ ሁለት ሽጉጥ ፈታተው ይወለውላሉ፤ አንዱ ስምንት ጎራሽ ማካሮቭ፣ ሌላው አሥራ ሦስት ጎራሽ ብራውኒንግ። «የቱ ይሻላል?» አልኳቸው። ሳቁና «መጀመሪያ አንተ ማን እንደሆንክ ንገረኝ» አሉኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ታሪኩን ሳነብ ገባኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታ። 9 በ18 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር የአረሩ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፤ በሚሊ ሜትር። ሽጉጡ እጅህ ላይ የሚራገጠው አረሩ በከበደና በፈጠነ መጠን ነው። ርግጫውን የሚያበርደው የሽጉጡ የራሱ ክብደት ነው። ትንሿ 7.65 የብራውኒንግ ጥይት አረሯ 5 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ርግጫዋ ቀላል፣ ጉልበቷም ትንሽ። የማካሮቭ አረር 6 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ 315 ሜትር ይሄዳል። 9 በ19፣ ሰው «ዘጠኝ ሚሊ» የሚለው፣ 8 ግራም ገደማ ሆኖ ወደ 350 ይደርሳል። የቶካሬቭ 7.62 በ25 አረሩ 5.5 ግራም ብቻ ነው፤ ግን ከ400 ሜትር በላይ ስለሚፈጥን ጩኸቱና ብልጭታው ተኳሹን ራሱን ያስደነግጣል። የአሜሪካኑ ኮልት 45 ደግሞ 15 ግራም የሚጠጋ ከባድ አረር በሰከንድ 250 ሜትር ገደማ ይገፋል፤ ርግጫው ከሁሉም ይከብዳል፤ ሽጉጡም ከአንድ ኪሎ በላይ ነው።

እንግዲህ ማን ለማን ሠራቸው? አሜሪካኖች ፊሊፒንስ ላይ ሲዋጉ ቀላሉ ባለ 38 ስድስት ጎራሻቸው የሚሮጥባቸውን ሰው አላቆም አላቸው። በ1904 ሙከራ አደረጉ፣ 45 ይሁን ተባለ፤ የጆን ብራውኒንግ ኮልትም በ1911 የጦሩ ሽጉጥ ሆነ። እንግሊዞች ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተቃራኒውን ወሰኑ። ከባዱን 455 ትተው ወደ 38 ወረዱ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፤ ብዙ ያልሠለጠነ ወታደር ከባዱን ይዞ ዒላማ አይመታም። ሁለቱም ጦር በራሱ ችግር ላይ ተመሥርቶ መረጠ።

እዚህ ላይ ካርቱም ራሷ ትገባለች። በ1940 ሐምሌ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ስደት ተነሥተው ካርቱም ደረሱ። አዎ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያች ከተማ ስደተኛ ነበሩ። አብረዋቸው የነበሩት የእንግሊዝ መኮንኖች ወገባቸው ላይ የታጠቁት ያንኑ የቆየ ስድስት ጎራሽ ነበር። ከድንበሩ ማዶ ያለው የጣሊያን መኮንን ግን ዘመናዊውን ቤሬታ 1934 ታጥቋል፤ ጥይቱ 9 በ17፣ «አጭሩ ዘጠኝ» የሚባለው። በ1914 ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ የገደለው የብራውኒንግ ሽጉጥም ጥይቱ ይኸው ነበር። በሽጉጥ ዓይነት ቢሆን ጣሊያን ይበልጥ ነበር። ግን ንጉሡ በ1941 ጥር ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ፣ ግንቦት 5 አዲስ አበባ ገቡ፣ ኅዳር ላይ ጎንደር የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ። ያንን ጦርነት የወሰነው አርበኛው፣ መንገዱና ስንቁ ነው። ወገብ ላይ ያለው ቁጥር አልነበረም።

በደርግ ጊዜ አገራችን ከ1977 ጀምሮ ወደ ሶቭየት ስትዞር ማካሮቭ የመኮንን ምልክት ሆነ። «ማካሮቭ ታጥቋል» ማለት «ባለሥልጣን ነው» ማለት ነበር። ሽጉጡ 730 ግራም ነው፤ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ተኩሱ አይዋዥቅም። ነገር ግን አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ርግጫው ከጥይቱ መጠን ይልቅ ሹል ነው። ቶካሬቭ ደግሞ በመጀመሪያ አሠራሩ መጠበቂያ ቁልፍ እንኳ አልነበረውም። ጥይት አጉርሶ ወገቡ ላይ የሻጠ ሰው ራሱን ለአደጋ አጋልጧል።

ትልቁ ትምህርት ግን የአሜሪካው ኤፍቢአይ ነው። በ1986 ማያሚ ላይ በተኩስ ልውውጥ ሁለት ባልደረቦች ከሞቱበት በኋላ ጥፋቱን ጥይቱ ላይ አደረገ። መጀመሪያ ወደ 10 ሚሊ፣ ቀጥሎም ወደ 40 ካሊበር ሄደ። ዓመታት አልፈው ወደ 9 በ19 ተመለሰ፤ ምክንያቱም ሠልጣኞቹ በቀላሉ ርግጫ ፈጥነውና አስተካክለው ይመታሉ። ደመወዝ እየተከፈለው የሚለማመድ ሰው እንኳ ያለው ችግር ይህ ነው። በ2008 የወጣ የራንድ ጥናት የኒው ዮርክ ፖሊሶችን አይቶ ነበር። በተኩስ ልውውጥ ውስጥ ከተኮሱት ያገኘው 18 በመቶው ነው። ከአምስት ጥይት አራቱ የት ሄደ? ግድግዳ፣ መንገደኛ፣ የሰው ልጅ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በሱዳንና በመተማ በኩል ለወጣቱ የሚደርሰው ሽጉጥ ብዙ ጊዜ ቤሬታም ማካሮቭም አይደለም። ቱርክ ውስጥ ለማስጮህ ብቻ የተሠራ፣ በኋላ በጓዳ ተቀይሮ እውነተኛ ጥይት እንዲጎርስ የተደረገ ነው። ብረቱ ለዚያ ግፊት አልተሠራም። አያነጣጥርም፣ ይነክሳል፣ አንዳንዴም እጅ ላይ ይፈነዳል። ወጣቱ ስለ ካሊበር ይከራከራል፣ የሚሸጥለት ግን ይሄ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ አሙ ግቢያቸውን ቆልፈው ወጡ፤ ሁለቱም ሽጉጦች ምንም አላዳኗቸውም። በሰማይ አውሮፕላን፣ በመንገድ መትረየስ፣ ሽጉጥ ምን ሊሠራ! እኛም ከሳምንታት በኋላ በሚኒባስ ወደ ገዳሪፍ ተነሣን። አሥራ አንድ ነበርን። አንድ ኬላ ላይ ታጣቂዎች ፈተሹን። ከመካከላችን አንድ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ካልሲው ውስጥ ያንን የተቀየረ ሽጉጥ ይዞ ኖሯል። ለእህቱ ብሎ ነው የገዛው። ከዚያ በኋላ ማን ይስማን? ስደተኛ ነን ብንል፣ ወረቀት ብናሳይ፣ «የማን ወታደር ናችሁ?» ነው ጥያቄው። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስቀመጡን፣ ያለንን ወሰዱ፣ አሥራችንን ለቀቁ። ልጁን ለብቻው ወሰዱት። እስከ ዛሬ ወሬው የለም። እናቱ በየበዓሉ ትደውልልኛለች፤ የምላት ነገር የለኝም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለጻፍክልኝ ጥያቄ መልሴ ይኸው። በወረቀት ላይ 9 በ19 ይሻላል፤ ርግጫው ይቻላል፣ ጥይቱ የትም አለ፣ ጉልበቱ ይበቃል። ግን ያ መልስ ለሚለማመድ፣ ፈቃድ ላለው፣ ከኋላው መንግሥት ለቆመለት ሰው ነው። የአሙን ጥያቄ ለራስህ መልስ፤ አንተ ማን ነህ? ስደተኛ ነህ። አንተን የሚጠብቅህ ሰላማዊ ሰው መሆንህ ነው። ኬላ ላይ ሽጉጥ የተገኘበት ስደተኛ ያንን ያጣል፤ ለራሱ ብቻም አይደለም፣ አብረውት ለተሳፈሩት ሁሉ። አገር ቤት ብትገባም አዋጅ 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን በእስር ይቀጣል።

በዚያ ገንዘብ ስልክህን ሙላ፣ የስደተኛ ወረቀትህን አሳድስ፣ ቅጂውን ለዘመድ ላክ፣ ብቻህን አትጓዝ፣ መንገዱን ቀድሞ ከሄደ ሰው ጠይቅ። እኔ ያተረፈኝ ይህ ነው።

በመንገድ ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ አድርሱለት። ቸር ያሰማን።