ግንድ የሌለው ግንደ ቆርቁር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ግንደ ቆርቁርን ታውቁታላችሁ፤ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ታዲያ ግንድ የጠፋበት አገር የተወለደው ምን ሊቆረቁር ነው?

አገሩ የሶኖራ በረሃ ነው፤ ከአሜሪካዋ አሪዞና እስከ ሜክሲኮ የተንጣለለ። ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም። ያለው ሳዋሮ ነው። ከሩቅ ስታዩት «ይሄማ የኛው ቁልቋል!» ትላላችሁ፤ እኔም ፎቶውን ያየሁ ዕለት ብያለሁ። አይደለም። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ሳዋሮ ወተት የለውም፤ ዝምድናው ከበለስ ጋር ነው። ቁመቱ 12 ሜትርን ያልፋል፣ ዕድሜው 150 ዓመትን ይሻገራል። ክንድ ለማውጣት ብቻ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ምን ያስቸኩለዋል!

እንግዲህ በማለዳ ከቱሳን ከተማ ወጣ ብላችሁ አንዱ ሳዋሮ ሥር ቆማችኋል እንበል። ከላይ «ችርርር» የሚል ድምፅ መጣ። ቀና አላችሁ። ጀርባው እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ፤ ፊቱና ደረቱ ግን ነጠብጣብ የሌለበት፣ ቡናማ ያዘለ ግራጫ። አናቱ ላይ ትንሽ ቀይ ቆብ ካለች ወንዱ ነው፤ ሴቷ ቆብ አታደርግም። ጊላ ግንደ ቆርቁር ይሉታል፣ በዚያው በረሃ በሚያልፈው በጊላ ወንዝ ስም። በሰኔ የሳዋሮው ፍሬ ሲበስል ምንቃሩን ቀዩ ሥጋ ውስጥ ነክሮ ታገኙታላችሁ።

ግን አትቸኩሉ፤ ጎረቤት አለው። ጎረቤትየው ገዘፍ ያለ ነው፤ ደረቱ ላይ ጥቁር ግማሽ ጨረቃ፣ ሆዱ ላይ ነጠብጣብ፣ ሲበር ከክንፉ ሥር ቢጫ። የእሱ ወንድ ቀዩን በጢም በኩል ነው የሚያደርገው። ሁለቱም በረው ቢያመልጧችሁ ለጎጆ ሳዋሮው ላይ የቦረቦሩትን ቀዳዳ እዩ። ሳዋሮ ውስጡ እንደ ጎጆ ግድግዳ በቆሙ የእንጨት ዘንጎች የተያዘ ነው። ጊላ በሳዋሮው ወገብ አካባቢ፣ ከዘንጎቹ ውጭ ያለውን ሥጋ ይቦረቡራል። ትልቁ ግን ወደ ጫፉ፣ ዘንጎቹ ወደሚሳሱበት ወጥቶ እነሱንም ይበሳል።

ጊላ ቆፍሮ እንደ ጨረሰ ዘው ብሎ አይገባም። ቁስሉ እርጥብ ነው። ሳዋሮው ውሃው እንዳያመልጠው ቁስሉን ዙሪያውን በጠንካራ ቅርፊት ይለስነዋል፤ እስኪደርቅ ወራት ይወስዳል። እንቁላል የሚጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ሳዋሮው ሞቶ ሥጋው ሲበሰብስ ያ ቅርፊት እንደ ቅል ብቻውን ይቀራል፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ውሃ ይይዙበት ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ቀዳዳውን አይታችሁ «ባለቤቱ እቤት ነው» ብላችሁ አትማሉ። ጊላ ለቆት የሄደውን ቤት ሌላ ይወርሰዋል። አመሻሽ ላይ ከዚያች ቀዳዳ አንገቷን ብቅ የምታደርገው ድንቢጥ የምታክል ጉጉት ልትሆን ትችላለች።