የመርጡለ ማርያሙ መነኩሴ በንጉሡ ሰንሰለት

ዛሬ ከቦሌ ማታ የተሳፈረ መንገደኛ ሲነጋ ሮም ይገባል። በ1841 (ዓመታቱና ቀናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከዓድዋ ተነሥተው እዚያው የደረሱት አባ ገብረ ሚካኤል ግን ቀይ ባሕርንና ግብፅን አቋርጠው፣ ወራት ፈጅተው ነበር። ሲነሡ ሃይማኖት የመለወጥ ሐሳብ አልነበራቸውም። አገሪቱ ጳጳስ አጥታ ስለነበር የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ወደ ካይሮ መልእክተኞች ሲልኩ ከሊቃውንቱ አንዱ ሆነው ነው የሄዱት። መልእክተኞቹን የመሩት ጣሊያናዊው ካቶሊክ ሚሲዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ በኋላ አቡነ ያዕቆብ ያላቸው ነበሩ። ከካይሮ የተሾመው ጳጳስ ገና ወጣት የሆኑት አቡነ ሰላማ ሆኑ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም ከዚያ ወደ ሮም አለፉ።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ጎጃም፣ ዲቦ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል። በመርጡለ ማርያም ከመነኮሱ በኋላ ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍት ሲመረምሩ ኖሩ። ጊዜው ካሮች፣ ቅባቶችና የጸጋ ልጆች በክርስቶስ ልደት ነገር የሚወጋገዙበት ነበር፤ አንዱ ደብር የሚያስተምረውን ሌላው ያወግዛል። እኚህ መነኩሴ ክርክሩ የሚያርፍበትን ቃል ፍለጋ ነበር የሚንከራተቱት።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። ፈረንጅ አታለላቸው የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበለውም፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ደቀ መዛሙርት ያፈሩ መምህር ነበሩ። ከዚያ በኋላም ከአቡነ ያዕቆብ ጋር በግዕዝና በአማርኛ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አብረው አዘጋጁ። ቅስና የተቀበሉት በ1851፣ በ60 ዓመታቸው ነው።

መከራው የመጣው ከፖለቲካ ጋር ተጣብቆ ነው። የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ደጃዝማች ካሣ፣ ዘውድ የሚጭንላቸው ጳጳስ ይፈልጉ ነበር፤ አቡነ ሰላማ ደግሞ ካቶሊኮቹ ከአገር እንዲወጡ። ተስማሙ። በ1854 አምባ ጫራ ላይ ከተዋሕዶ ውጭ ያለው ትምህርት ሁሉ ታገደ፤ በዚያው ዓመት አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ጎንደር ተያዙ። የውጭ አገሩ ሰው ተባረሩ፤ ያገሩ ልጅ ታሰሩ። እግራቸው በግንድ ተቀርቅሮ ወራት አሳለፉ። ካሣ በየካቲት 1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላም አባ ገብረ ሚካኤል ወደ ችሎት ቀረቡ፤ ተገረፉ፤ ግን ሃይማኖቴን አልተውም አሉ። ከግርፋቱ ሲነሡ ያዩዋቸው ወታደሮች ደጋግሞ ሞቶ እንደተነሣው ሰማዕት «ቅዱስ ጊዮርጊስ» አሏቸው ይባላል።

በግንቦት 1855 ሞት ተፈረደባቸው። የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለማለዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ምሕረት ግን አልነበረም፤ የ64 ዓመቱ ሽማግሌ ከነሰንሰለታቸው ከዘማቹ ሠራዊት ጋር በእግር ተነዱ። በሠራዊቱ መካከል ኮሌራ ገብቶ ነበር። በዚያው ክረምት መንገድ ላይ ዐረፉ፤ ጠባቂዎቻቸው ቀበሯቸው፤ መቃብራቸው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ቴዎድሮስ አንዲት አገር፣ አንድ ንጉሥ፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ፈለጉ፤ ከዘመነ መሳፍንት ማግስት የተነሣ ንጉሥ ይህን ቢመኝ አይፈረድበትም። ዘማቹን ኀይል ይዞ መጽሐፍ ብቻ የያዘን መነኩሴ ማሰር ግን ለአንድነቱም አልጠቀመ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በጥቅምት 3 ቀን 1926 ለአባ ገብረ ሚካኤል የብፅዕና ማዕረግ ሰጧቸው። አቡነ ያዕቆብ በ1975 ቅዱስ ተባሉ።