ታሚ ታክ፦ ከመወሰናችን በፊት ልናውቀው የሚገባ

በኦክላንድም ሆነ በሳን ሆዜ እህቶቻችን ሲገናኙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚጠያየቁት አንዱ «ሆዷን አሠራችው እንዴ?» የሚለው ነው። ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፤ ሁለቱን በኦፕራሲዮን፤ ስለዚህ ጥያቄው የራሴም ነው። ሙያዬ ምህንድስና እንጂ ሕክምና አይደለም። ሆኖም ማታ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ያነበብኩትን፣ ሐኪሞችንም ጠይቄ የተረዳሁትን በመልክ በመልኩ አቅርቤዋለሁ።

ምንድን ነው?

ሐኪሞች «አብዶሚኖፕላስቲ» ይሉታል። ከእምብርት በታች ያለው ትርፍ ቆዳና ስብ ተቆርጦ ይወጣል፤ በእርግዝና የተራራቁት የፊት የሆድ ጡንቻዎች ተቀራርበው ይሰፋሉ፤ ቆዳው ወደ ታች ስለሚሳብ ለእምብርት አዲስ ቀዳዳ ይከፈትለታል። የሚቀረው ጠባሳ ከዳሌ እስከ ዳሌ ይደርሳል። ሥራው አዲስ አይደለም፤ በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ የማህፀን ሐኪም የነበረው ሃዋርድ ኬሊ ትርፍ የሆድ ቆዳ ቆርጦ ማውጣቱን የዘገበው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው።

ምን አይደለም?

ማክሻ አይደለም። ቦርጭ የምንለው ጠንከር ያለ ሆድ ስቡ ከጡንቻው በስተጀርባ፣ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ስለሆነ ቢላዋው አይደርስበትም። ገና መውለድ የምታስብ ሴት ብትቆይ ይሻላታል፤ ክብደቷ የሚዋዥቅም ቢያንስ ለጥቂት ወራት እስኪረጋ ትጠብቅ። በሌላ በኩል የተራራቀ ጡንቻን በፊዚዮቴራፒ ማጠንከር ይቻላል፤ የላላ ቆዳ ግን በስፖርት አይሰበሰብም። እናቶቻችን አራስ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ እንድትታሰር ያደርጉ የነበረውም ድጋፍ ይሰጣል እንጂ ቆዳ አይመልስም።

አደጋው

ዋናው የሚያስፈራው የደም መርጋት ነው፤ እግር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ መጠራቀም፣ ኢንፌክሽን፣ የቁስል መከፈትና የታችኛው ሆድ መደንዘዝም ያጋጥማሉ። ሲጋራና የስኳር በሽታ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋሉ። እኛ ጥቁሮች ደግሞ ለኬሎይድ ይበልጥ የተጋለጥን ነን። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት የቀድሞ ጠባሳዋን ለሐኪሙ ታሳይ፤ አብጦና ጠንክሮ ከሆነ አዲሱም እንዲያ ሊሆን ይችላል።

ማን ይሥራው?

በካሊፎርኒያ የሕክምና ፈቃድ ያለው ሐኪም ሁሉ፣ ስፔሻሊቲው ሌላ ቢሆንም፣ የውበት ቀዶ ጥገና እንዳይሠራ ሕጉ አይከለክለውም። ስለዚህ «ቦርድ ሰርቲፋይድ» ሲባል «በየትኛው ቦርድ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመው የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ቦርድ አንድ ነገር ነው፤ ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ቦርድ ሌላ ነገር ነው። የሐኪሙን ፈቃድና የቅጣት ታሪክ ከካሊፎርኒያ የሕክምና ቦርድ በነጻ ማየት ይቻላል። የዘፋኙ የካንዬ ዌስት እናት ዶንዳ ዌስት እ.ኤ.አ. በ2007 የውበት ቀዶ ጥገና ባደረጉ ማግስት ሞተዋል፤ ከዚህ በኋላ በወጣው፣ ከ2010 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ መሠረት አስቀድሞ የጤና ምርመራና የጽሑፍ ማረጋገጫ ግዴታ ነው።

ርካሽ ነው ብሎ ባሕር ማዶ መሄድም አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደዘገበው ከ2009 እስከ 2022 ባለው ጊዜ 93 አሜሪካውያን በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከውበት ቀዶ ጥገና በኋላ ሞተዋል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ረጅም በረራ ራሱ ደም ያረጋል። ቁስሉ ቢያመረቅዝ ደግሞ የሠራው ሐኪም ውቅያኖስ ማዶ ነው።

ገንዘቡና ጊዜው

የቀዶ ሐኪሙ ክፍያ ብቻውን በአማካይ ወደ 8,000 ዶላር ነው፤ ማደንዘዣውና ክፍሉ ለየብቻ ይከፈላሉ። ኢንሹራንስ ለውበት አይከፍልም፤ ኸርኒያ ወይም በቆዳው እጥፋት ሥር የማይድን ቁስል ካለ ግን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከባድ ነገር ማንሳት እስከ 6 ሳምንት ይከለከላል፤ ትንሽ ልጅ ማቀፍንም ይጨምራል። የካሊፎርኒያ የጊዜያዊ አካል ጉዳት ክፍያ በፈቃድ ለሚደረግ ቀዶ ጥገናም እንደሚያገለግል ብዙዎቻችን አናውቅም።

ምስጢሩ

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ምስጢሩ ነው። ስንወልድ ገንፎ የሚያገነፋ፣ አራስ የሚጠይቅ ሰው ቤታችንን ይሞላዋል። ለዚህ ግን እህቶቻችን «ለሥራ ልሄድ ነው» ብለው ብቻቸውን ይታከማሉ። ጎንበስ ብሎ የሚራመድ፣ ከሆዱ ቱቦ የተንጠለጠለ ሰው ግን የሚደግፈው ይፈልጋል፤ እግር አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮ ሲገኝም 911 የሚደውል ያስፈልጋል። ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ የምታምኑት ሰው ንገሩ።

እኔ በበኩሌ መጀመሪያ ለስድስት ወር ፊዚዮቴራፒውን ልሞክር ወስኛለሁ። ጀርባዬን የሚያመኝ የጡንቻው መራራቅ ከሆነና ካልተሻለኝ ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ለእህቴም ከአሁኑ ነግሬያታለሁ። በአገራችን «ወፈርሽ» ምርቃት ነበር፤ እዚህ ስድብ ሆኗል። ለሰው አፍ ተብሎ ግን ሰውነት አይቀደድም። የምታደርጉት ለራሳችሁ ከሆነ፣ አውቃችሁና ተዘጋጅታችሁ አድርጉት።

ቸር ይግጠመን።