«ለምን ሄደ?» ከማለታችን በፊት

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከማላዊ የተነሳ አንድ የጭነት መኪና በሞዛምቢኳ ቴቴ ክፍለ ሀገር ለፍተሻ ቆመ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት ውስጡ 78 ሰዎች ነበሩ። 64ቱ አየር አጥተው ሞተዋል፤ የተረፉት 14 ብቻ ናቸው። ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ያን ቀን በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሾኔ ልጁን በዚያ መንገድ የላከ ቤት ሁሉ እንዴት እንዳደረ መገመት አያቅትም።

ከኀዘኑ ቀጥሎ ግን የተለመደው ጥያቄ መጣ። «ምን ሊያደርግ ሄደ? ያን ሁሉ ብር ይዞ እዚሁ አይሠራም ነበር?» እኛም ይህን ጥያቄ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰምተነዋል። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። ታሪኩን ስናየው ግን ብዙ ጊዜ ወንጀለኛውን ከጨዋታ ውጪ የሚያደርግ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። «አንዳንድ ሰው ለምን የወንጀል ሰለባ ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ራሱን የቻለ ጥናት ካደረጉት አንዱ ጀርመናዊው ሃንስ ፎን ሄንቲግ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ለወንጀል ይጋለጣሉ ያላቸውን ሰዎች በዓይነት በዓይነት ደርድሯቸዋል። ወጣቱ፣ ስደተኛውና ሀብት ፈላጊው በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እንግዲህ ከሀዲያ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው የ19 ዓመት ልጅ ሦስቱንም ነው ማለት ነው። ችግሩ እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ቀስ እያለ ጥፋቱን ወደ ተጎጂው ማዞሩ ነው። አሜሪካዊው ዊሊያም ራያን በ1971 እ.ኤ.አ. ተበዳይን መውቀስ ራሱን የቻለ ልማድ መሆኑን ጠቅሶ መጽሐፍ ጻፈበት። በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮኸንና ፌልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን አቀለሉት፤ ወንጀል የሚፈጸመው ሦስት ነገሮች አንድ ቦታ ሲገናኙ ነው አሉ። እነሱም ለመበደል የተዘጋጀ ሰው፣ ለበደል የተመቸ ኢላማ እና የጠባቂ አለመኖር ናቸው።

እኛ ሦስተኛው ላይ እናተኩራለን። ጠባቂው የት ሄደ?

ከደላላው በፊት የጠለፋን ታሪክ እናንሳ። በከምባታም በሀዲያም፣ በሌላውም የሀገራችን ክፍል፣ ውሃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ልትሄድ የወጣች ልጅ ተጠልፋ ትቀር ነበር። ያኔም «ለምን ብቻዋን ወጣች?» ይባል ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይነገራል፣ እርቅ ይወርዳል፤ ልጅቱን የሚጠይቅ የለም። ሕጉም ቢሆን አልጠበቃትም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ትቶለት ነበር። ማለትም ወንጀሉን እስከ መጨረሻው የገፋበት ሰው ነፃ ይወጣል!

ይህ ነገር የተናወጠው ተጎጂዎቹ መናገር ሲጀምሩ ነው። የከምባታዋ ልጅ ቦጋለች ገብሬ በልጅነቷ የተገረዘች፣ ውሃ ልቀዳ ነው እያለች ፊደል የቆጠረች ሴት ነበረች። በ1997 እ.ኤ.አ. ከእህቷ ጋር ሆና ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት በከምባታ አቋቋመች። ዋናው ሥራቸው ሽማግሌውን፣ እናቱን፣ ወጣቱንና የሃይማኖት አባቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ስለ ግርዛትና ስለ ጠለፋ በግልጽ ማነጋገር ነበር። በሌላ በኩል በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻውም ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም። ቦጋለች በ2019 እ.ኤ.አ. አረፈች። ችግሩ ከሥሩ ተነቅሏል አንልም። ቢያንስ ግን የሚጠየቀው ሰው ተቀይሯል።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከሀዲያና ከከምባታ ወጥቶ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ስለሆነ የአያቶቻችን ትውልድ ወደ ወንጂና መተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች ይጎርፍ ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን የብዙዎች ዓይን ደቡብ አፍሪካ ላይ ሆነ። የሄደው ለወንድሙ ይልካል፤ ወንድም ደግሞ ለአጎቱ ልጅ። በሆሳዕና የተሠሩትን ፎቆች ያየ ሁሉ ገንዘቡን ያያል፤ መንገዱን ግን አያይም።

በዚህ መንገድ ላይ ጠባቂው ደረጃ በደረጃ ነው የሚጠፋው። መጀመሪያ እዚሁ አገር ቤት፣ ደላላው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ነው። ስለሚታመን ውል አይጠየቅም። ሞያሌን ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ልጁ ወረቀት የለውም። ቢደበደብ፣ ቢዘረፍ፣ ለማስለቀቂያ ብር ቢታገት ፖሊስ ጋ መሄድ አይችልም፤ ቢሄድ የሚታሰረው እሱ ነው። ዘራፊው ይህን አሳምሮ ያውቃል። በሰኔ 2004 ዓ.ም. በታንዛኒያ ዶዶማ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ታፍነው ሞተው ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር ተቆፍሮ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 25 አስከሬን ወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ዛምቢያ ሉሳካ ዳር 27 አስከሬኖች ተጥለው ተገኙ። ደቡብ አፍሪካ የደረሰውም አላረፈም። ጥሬ ገንዘብ በሚያዝበት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ውሎ እዚያው የሚያድር የውጭ ሰው ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በስደተኞች ላይ በተነሳው ጥቃት ብቻ 62 ሰዎች ተገድለዋል።

እንግዲህ ይህ ልጅ ተደጋግሞ የሚጠቃው ሞኝ ወይም ስግብግብ ስለሆነ ነው? እኛ አይመስለንም። ከቤቱ እስከ ሱቁ ድረስ «ተበደልኩ» ማለት ከበደሉ የበለጠ ዋጋ የሚያስከፍለው ሰው ስለሆነ ነው።

ሕግ የለም እንዳንል ሁለት አዋጆች ወጥተዋል፤ በ2007 ዓ.ም. ቁጥር 909፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ እሱን የተካው ቁጥር 1178። ሁለቱም ለሕገወጥ አዘዋዋሪ ከባድ ቅጣት፣ ለተጎጂ ደግሞ ጥበቃ ደንግገዋል። ነገር ግን ሕግ ያለ ምስክር አይሠራም። ልጁ ገና መንገድ ላይ ያለ አባት በደላላው ላይ እንዴት ይመስክር? ልጁ ከሞተ በኋላስ ሽማግሌ መጥቶ «የተከፈለው ብር ይመለስና ይቅር» ቢለው? ጠለፋውንም ያቆየው ይኸው መንገድ ነበር።

ስለዚህ ከዱራሜ የምንማረው አለ። በእድሩ፣ በሴራው፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ የደላላው ነገር በግልጽ መነሳት አለበት። የሞተ ልጅ ጉዳይ በገንዘብ አይታረቅም የሚል ሽማግሌ ያስፈልገናል። ከመንገድ የተመለሰውን ልጅ «አልተሳካለትም» ከማለት ይልቅ ያየውን እንዲናገር ማድረግ አለብን፤ እሱ የሚያውቀውን የትኛውም መርማሪ አያውቅም።

በሚቀጥለው ለቅሶ ቤት «ለምን ሄደ?» የሚል ሰው ቢገጥመን «ብሩን ማን ተቀበለው?» ብለን እንጠይቀው።