ስለ ጥንታዊ ሞተር ሳይክል ዘይት መፍሰስና ስለ ጠጋኞች ጥበብ

የእንግሊዝ አገር ጥንታዊ ሞተር ሳይክሎች በቆሙበት ሥፍራ ሁሉ ዘይት ያንጠባጥባሉ እየተባሉ ሲነቀፉ ኖረዋል፤ ዳሩ ግን ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው፣ ይህ ነጠብጣብ ከሠራተኛው ስንፍና ይልቅ የሞተሩን አነዳደፍ ታሪክ የሚገልጽ ምልክት ሆኖ ይገኛል፤ ታሪኩን ያላወቀ ጠጋኝም ፈውሱን በቀላሉ አያገኝም።

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ነጂው ራሱ በጉዞ ላይ ሳለ የእጅ ፓምፕ እየገፋ ዘይት ወደ ሞተሩ ከርሥ ይልክ ነበር፤ ያም ዘይት አካላቱን ካለሰለሰ በኋላ ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉም በመንገድ ላይ ይፈስሳል እንጂ የሚመለስበት ሥርዓት አልነበረውም። መፍሰሱ እንደ ነውር የተቆጠረው ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ወስዶ መልሶ የሚያገባው ፓምፕ ከተስፋፋ ወዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 ኤድዋርድ ተርነር ለትራያምፍ ኩባንያ የነደፈው ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ስፒድ ትዊን፣ ለሌሎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች አርአያ ሆነ። በዚህ ሞተር ሁለቱ ፒስተኖች በአንድነት ስለሚወጡና ስለሚወርዱ በከርሡ ያለው አየር በየዙሩ ይታመቃል፤ መተንፈሻው በአግባቡ ካላስወጣውም ዘይቱን እየገፋ በየመጋጠሚያው ያሾልከዋል። የሞተሩ ቤትም ቀኝና ግራ ሆኖ በቁመት የተከፈለ ነውና ስንጥቁ እስከ ታች ወርዶ ዘይት በሚጠራቀምበት ሥፍራ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የጃፓኑ ሆንዳ ሲቢ 750 ግን ቤቱ በአግድም ላይና ታች ተከፍሎ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ገዢው ሕዝብ ንጹሕ ሞተር ማየት ለመደ፤ የሜሪደኑ የትራያምፍ ፋብሪካም በሌላ ብዙ ችግር ጭምር ተዳክሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ተዘጋ።

ፋብሪካው ቢዘጋም ሞተሮቹ በጠጋኞች ትጋት ይኖራሉ። አስተዋይ ጠጋኝ አስቀድሞ ሞተሩን አጥቦ ያደርቃል፣ ነጭ ዱቄትም ይነሰንስበታል፤ ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚወስደው፣ የረጠበው ሁሉ የፈሰሰበት ቦታ አይደለምና። ቀጥሎ መተንፈሻው አለመደፈኑን ይመረምራል። ሞተሩ ብዙ ቀን ቆሞ ሲነሣ ብቻ የሚፈስስ ከሆነ፣ ዘይቱ በፓምፑ ከልካይ በኩል ሾልኮ ከርሡን ሞልቶት እንደ ሆነ ይፈትሻል። መጋጠሚያው የጎበጠ ከሆነ በወፍራም መስተዋት ላይ በማለስለሻ ወረቀት እያሸ ያስተካክለዋል፤ የመዳብ ቀለበቱን በእሳት አግሎ ያለዝበዋል፤ ያረጀውን ፓራዮሊ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ይለውጣል፤ ቡሎኖቹንም በተራ፣ በመስቀል አቅጣጫ፣ ጥቂት በጥቂት ያጠብቃል። በኃይል ማጥበቅ አሉሚኒየሙን ያጎብጣል፤ ማጣበቂያ ማብዛትም የዘይቱን መተላለፊያ ይደፍናል።

ስለዚህ አሮጌውን ሞተር መጠገን የሚገባው ሰው፣ ነጠብጣቡን ለመሸፈን ከመቸኮሉ በፊት ምክንያቱን በትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ነዳፊው ምን እንዳሰበና በዘመኑ ምን እንደ ጎደለው የተረዳ ጠጋኝ፣ ከቀደሙት ጠቢባን ሥራ የተበላሸውን አቅንቶ መልካሙን ለትውልድ ያቆያል።